ነጩ የኋላ ክንፍ

ሚያዝያ 3፣ 2017። ሮቤ

የሲናናውን ወጥመድ ዛሬ ሰቀልኩ። ለማንም አልሰጠሁም። አምና ለሰው ሰጥቼ ውጤቱን አይቻለሁ፦ አንዱ ማማለያ በባዶ እጅ ተነካ፣ በዚያው እጅ ሌላው ተነካ፣ ወጥመዱ ያገኘውን ሁሉ ሲለቅም ከረመ። ማማለያ ማለት ከጥፍር የማትበልጥ ላስቲክ ናት፤ የሴቴዋን የእሳት እራት ሽታ ይዛለች። ወንዱ በሽታው ተስቦ ይመጣና ባልዲው ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ሽታ አለው። ጓንት አድርጉ እያልኩ ስጮህ ስንት ዓመቴ ነው።

ዘንድሮ የደረሰን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተምች፣ ማለትም የድሮው፣ ገብስም ስንዴም ሣርም የማይምረው፤ እሱ ለሲናና ነው። ሁለተኛው የመጤው ተምች፣ በቅርብ ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጣውና በቆሎ የሚወደው፤ እሱ ቆላ ወርዶ ብድሬ ይሰቀላል። ፋብሪካው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የብር ቀለም ከረጢት አሽጎ፣ ስሙን ጉንዳን በሚያነበው ፊደል አትሞ ነው የሚልከው። ስለዚህ በወፍራም ማርከር፣ ከሩቅ በሚታይ ፊደል፣ አንዱ ላይ «ሲናና»፣ አንዱ ላይ «ብድሬ» ብዬ ጻፍኩበት። አሁን ማንም አይሳሳትም።

መኪና ስጠብቅ ውዬ ሲናና፣ ገበሬው ዲኖ ማሳ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ከረጢቶቹን መኪናው ላይ ዘርግቼ እየለየሁ ስጽፍባቸው ሹፌሩ ሙህዲን የስልኩን መብራት አብርቶ መጣ።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ እኔ ላንብብልዎ።»

«አንተ መሪህን ያዝ» አልኩት። ሌላም ሌላም ጨመርኩበት። ማንበብ የማልችል አደረገኝ እንዴ። መብራቱን አጥፍቶ ወደ መሪው ተመለሰ። ዲኖ የወጥመዱን እንጨት ይዞ ቆሞ ነበር።

ዲኖን ያወቅሁት ከዓለማያ ተመርቄ ወደዚህ በመጣሁበት ዓመት ነው። ያኔ ሁለታችንም ጥቁር ፀጉር ነበረን። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ ስንዴ ሲሄዱ እሱ የአባቱን ገብስ፣ አሩሶውን፣ አልተወም። ማሳው ዳር ቀፎዎች አሉት። ካቻምና አንድ የተማረ ደደብ ሎሬዪ የምትባለዋን የእሳት እራት ተምች ናት ብሎ ለየና አካባቢው በሙሉ ተረጨ። የዲኖ ንቦች ቀፎው በር ላይ እንደ ገለባ ተከመሩ። ተምች የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ ያኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበርኩ። በዚህ የላቦራቶሪ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ ያ አይደገምም።

ሚያዝያ 7

የብድሬውን ከረጢት በሚኒባስ ላክሁ። ዓብዱልፈታሕ፣ የዚያ ወረዳ ባለሙያ፣ ደርሶኛል፣ ሰቅያለሁ ብሎ ደወለ። ጓንት አድርገህ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ደግሜ ጠየቅሁት።

«አድርጌያለሁ ጋሼ፣ ወላሂ። ፎቶ ልላክልዎ?»

ከጀርባው የሚስቅ ሰው ነበር።

የተያዘውን በክብሪት ቀፎ፣ በጥጥ መሃል አድርጎ በሚኒባስ ይልካል። ሹፌሮቹ ዳሽቦርድ ላይ እየወረወሩት ክንፉ ተራግፎ እንደሚደርስ ከወዲሁ አውቃለሁ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ልጄ ሀይሚ ከሐዋሳ መጣች። ከምሳ በኋላ ስልኳን ሰጥታኝ አንድ ፎቶ አሳየችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«አባዬ፣ ማን እንደሆነች ንገረኛ።»

«ጓደኛሽ ናታ።»

ራሷ ነበረች። ፀጉሯን ሌላ ዓይነት ተሠርታ ነው። የዚህ ዘመን ልጆች ሁሉም አንድ መልክ ናቸው።

ጓዳ ገብታ ከእናቷ ከማሚቱ ጋር ስትንሾካሾክ ሰማሁ። «አሁንም አልታየም?» ትላለች ልጅቱ። «እስቲ አንቺ ንገሪው፣ እኔስ አፌ ዛለ» ትላለች እናቲቱ። የደም ግፊቴን ነው። ጨው ከቀነስኩ ከረምኩ፤ ይህን ያየ የለም።

ሚያዝያ 20

የእሳት እራቶች ሲናና ባልዲው ውስጥ ገቡ። ለመመዝገብ ያህል በዝርዝር እጽፋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋቸው ተምች እንዳልሆኑ ወዲያው አወቅሁ። የተምች ወንድ ግራጫ የተቀላቀለበት ቡናማ ነው፤ የፊት ክንፉ መሃል ላይ ኩላሊት የመሰለ ፈዘዝ ያለ ምልክት አለው። የመጤው ወንድ ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ እድፍ አለው። እነዚህ ግን የደረቀ ገለባ መልክ ነው ያላቸው፣ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ። ዋናው ደግሞ የኋላ ክንፉ ነው። የተምች የኋላ ክንፍ ነጣ ይላል፣ ነገር ግን ጅማቶቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ ቅጠል ወደ ብርሃን ሲይዙት ጅማቱ እንደሚታየው። የነዚህ ወተት ነው። ምንም የለበትም። ሎሬዪ ናቸው። በአማርኛ ስም የላቸውም፤ ስም ለመስጠት የሚበቃ ጉዳት አድርሰው አያውቁም።

በክንፍ ብቻ ግን አልፈርድም። ካቻምና የተፈረደው በክንፍ ነው። የሆዱን ጫፍ ቆርጬ፣ በሙቅ ፖታሽ ዘፍዝፌ፣ ቅርፊቱን በቀጭን ብሩሽ አስለቅቄ የወንዱን መራቢያ አካል አወጣሁ። ጫፉ ላይ ሴቴዋን የሚይዝባቸው ሁለት መጨበጫዎች አሉ፤ ቅርጻቸው በየዝርያው የተለየ ነው። ክንፍ ይላጫል፣ ይደበዝዛል። መጨበጫ አይዋሽም። ሎሬዪ።

ይህን ለማየት ከሰዓቱን በሙሉ ፈጀሁ። ማይክሮስኮፑ ደክሟል። ሌንሱን ወለወልኩ፣ ደግሜ ወለወልኩ፣ ጭጋጉ አልለቅ አለ። ባልደረባዬ ዙሀይራ ከኔ በኋላ ተጠቅማበት ደህና ነው አለች። ለነገሩ መጥፎ መሣሪያ ላይ የተማረ ትውልድ ነው። የአዲስ ሌንስ ጥያቄ ጻፍኩ።

እያንዳንዱን በመርፌ ወግቼ ከሥሩ ወረቀቱን አደረግሁ፦ ሲናና፣ ሚያዝያ 20፣ የተምች ማማለያ፣ የለየው ኃይለልዑል።

አንድ ነገር አልገባኝም። በተምች ማማለያ ሎሬዪ ብቻ መጥታ አንድ ተምች እንኳ አለመኖሩ። እኔ እስከማውቀው ሎሬዪ የምትሳሳተው በመጤው ማማለያ ነው። ፋብሪካው ቅመማውን ለውጦ ይሆናል። አይነግሩም።

ሚያዝያ 23

ኃላፊያችን ከማለዲን በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱን ዛሬ እልካለሁ። ተምች አለ ወይስ የለም?»

«ሲናና ያለው ሎሬዪ ነው። እሱም የተምች ቅርብ ዘመድ ሆኖ…»

«ጋሼ። አለ ወይስ የለም?»

«የለም።»

«ኢንሻአላህ እንዳሉት ይሁን» ብሎ ወጣ። ኢንሻአላህ ማለቱ አናደደኝ። የለየሁት በፖታሽ ነው።

ሚያዝያ 29

የብድሬ የመጀመሪያው የክብሪት ቀፎ ደረሰ። እንደገመትኩት ክንፋቸው ተላጭቷል። ዙሀይራ ቀድማ ከፍታ አይታቸው ነበር። ከኔ ሌላ የላቦራቶሪው ባለሙያ እሷ ናት፤ የሮቤ ልጅ፣ ማስተርሷን ከያዘች ቆይታለች። እጇ ጥሩ ነው። ምላሷም እንደዚያው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ተምች ይመስሉኛል።»

«መጤ ተምች ማለትሽ ነው።»

«አይ፣ የድሮው። የኋላ ክንፉን ይዩት፣ ጅማቱ ጠቆር ብሏል።»

አየሁት። ለእኔ ነጭ ነው። «በመጤው ማማለያ ተምች አይመጣም» አልኳት። «የእሳት እራት እንደ ሰው አይደለም፣ የማያውቀው ቤት አይገባም።»

«ማማለያው የመጤው ከሆነ።»

«ከሆነ ማለት ምን ማለት ነው? የጻፍኩበት እኔ ነኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

ይህች ልጅ ሁለት ዓይነት እሺ አላት። ይኼኛውን አልወደውም።

ወረቀቱን ጻፍኩ፦ ብድሬ፣ የመጤ ተምች ማማለያ፣ መጤ ተምች፣ ክንፉ የተላጨ። የለየው ኃይለልዑል።

ግንቦት 4

መብራት የለም። ዝናብ ሳምንቱን በሙሉ። ገብሱ ቁርጭምጭሚት አልፏል።

ጎባ ከማሚቱ ወንድም ቤት ስንመለስ መሽቶ ነበር። ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ መብራቱ ዙሪያ ቀለበት ሠርቷል። ጭጋግ ነው አልኩ። ማሚቱ «ምን ጭጋግ አለ?» አለች። በመስኮት በኩል ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ነበር፣ ምን ታያለች።

ሮቤ ስንወርድ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ። ጉልበቴ ተላጠ። ያለ ምክንያት ድንጋይ የሚጥል ከተማ።

ግንቦት 8

ዲኖ ሮቤ መጥቶ ቢሮ ገባ። አይቀመጥም፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ቆሞ ነው የሚያወራ።

«ጎረቤቶቼ ደረቅ ወሬ አይደለም የያዙት፣ መድኃኒት ገዝተው ቤት አስቀምጠዋል። አንዳንዱም ረጭቷል። ከታች አገር ራሞ ተነሥቷል ይላሉ። አንተ ምን ትላለህ?»

ራሞ ትል ማለቱ ነው። «ወጥመድህ ውስጥ ያለው ሎሬዪ ነው» አልኩት። «ከሣሩ ጥቂት ትበላና ታልፋለች። እንዳትረጭ።»

«እንደ ካቻምናው አይደለም?»

«እንደ ካቻምናው እንዳይሆን ነው የምነግርህ።»

«ከነኒሳ ኮ ዘንድሮ ነው መልሰው የሰፈሩት» አለ። ንቦቼ ማለቱ ነው። «አሩሶውም እንደምታውቀው ነው። ያለኝን ዘር በሙሉ ለጋና ዘርቼዋለሁ፤ ለቦና የምዘራው ከዚሁ ነው የሚወጣው። አንተ አትርጭ ካልክ አልረጭም።»

«አትርጭ።»

በር ላይ ሲደርስ ዞረ። «ኃይሌ፣ አንተ ግን ደህና ነህ?»

«ምን ሆኜ?»

«እንዲሁ ነው።»

በልጉን ጋና፣ መኸሩን ቦና እያለ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው የሚያናግረኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ደህና ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይደለም።

ግንቦት 14

ከብድሬ ሌላ ቀፎ። ይኼኛው ጢም ብሎ የሞላ ነው። ዙሀይራ እኔ ሳላዛት የተወሰኑትን በፖታሽ አዘጋጅታ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ይዩልኝ።»

አየሁ። ነጭ ጭጋግ፣ መሃሉ ላይ ቡናማ ነገር። ሌንሱን ልወለውል ጨርቁን ሳነሣ እጇን እጄ ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ ሌንሱ ንጹሕ ነው። አሁን ወልውዬዋለሁ።»

«መጤ ነው» አልኩ።

«መጨበጫው ጫፍ ላይ ግን…»

«አይቻለሁ።»

ዕቃዋን ሰበሰበች።

ማታ። አይቻለሁ አልኩ። መጨበጫውን አየሁ ወይስ መጤ መሆን እንዳለበት ስለማውቅ መጤ አልኩ? ከረጢቱ ላይ ብድሬ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወደ ብድሬ የሄደው የመጤው ነው፤ የመጣው መጤ ነው። ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነው። የሌንሱን ጥያቄ በድጋሚ እጽፋለሁ፤ በዚህ መሣሪያ ሰው ሊሠራ አይችልም።

ግንቦት 16

ኮሪደሩ ላይ፣ ከማለዲን ለዙሀይራ፦ «ጡረታቸው ስንት ቀረው?»

«አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

በሩ ክፍት ነበር። ጆሮዬ ደህና ነው።

ግንቦት 20

ዲኖ ደወለ። ድምፁ ልክ አይደለም። «ግጦሹ ላይ ራሞ ጉራቻ አለ። ጥቁር ነው። ብዙ ነው።»

የሎሬዪ ልጆች ናቸው፣ ሣር ላይ ነው የሚውሉት አልኩት።

«ጥቁር ነው እኮ የምልህ።»

«እንደ ዕድሜው መልኩ ይለያያል።»

«እሺ። አንተ ታውቃለህ።»

መኪና ጠየቅሁ። ነገ የለም። ከነገ ወዲያ።

ግንቦት 22

ማሳው ከመንገዱ ሲታይ ግራጫ ሆኗል። የደመና ጥላ መስሎኝ ነበር።

ቀርበን ስንቆም ድምፅ ነበረው። ደረቅ ገለባ ላይ ካፊያ ሲወርድ እንደሚሰማው፣ የማኘክ ድምፅ። ገብሱ ጭራሮ ብቻ ቀርቷል። ትሎቹ ከግጦሹ ተነሥተው ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው እየሄዱ፣ መንገዱን በእግራችን ሥር ያቋርጡ ነበር። ሙህዲን መኪናውን ወደ ኋላ መለሰ፤ ጎማው ሲያንሸራትተው ሰማሁ።

አንዱን መዳፌ ላይ አነሣሁ። ቬልቬት የመሰለ ጥቁር፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር። ዙሀይራ አጎንብሳ ራሱን አየችና መጤው ግንባሩ ላይ ያለው የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የለበትም አለች። አያስፈልግም ነበር። ሎሬዪ በመንጋ አትጓዝም። መጤውም ገብስ ላይ እንዲህ አይዘምትም። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነው፤ ስሙን ሕፃን ያውቀዋል።

«ተምች ነው» አልኩ።

ዲኖ «ኤዬ» አለ፤ አዎ ማለቱ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ እዚያ ቆሞ ነበር። ከዚያ፦ «አሁን ብረጭስ?»

«አይጠቅምህም። አድገዋል፣ በልተው ጨርሰዋል። ነገ ዛሬ አፈር ይገባሉ። አሁን ብትረጭ የምትጨርሰው ንቦቹን ነው።»

«እንግዲያው ንቦቹ ይቅሩልኝ።»

ከታች ያሉት ጎረቤቶች ቀድመው ረጭተው ኖሯል፤ የነሱ ቆሟል። በዲኖና በነሱ ማሳ መሃል ያለው ድንበር በቢላ የተቆረጠ ነው የሚመስለው፤ ወዲህ ግራጫ፣ ወዲያ አረንጓዴ። ይህን ያለ ማንም እርዳታ አየሁት።

ወጥመዱ እንጨቱ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ባልዲውን ከፈትኩ። ሎሬዪ። ሎሬዪ ብቻ። ተምች ከላዩ አልፎ ሄዶ እንቁላሉን ጥሎ፣ ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ማሳውን ጨርሶ፣ አንድ ወንድ እንኳ ወደዚህ ባልዲ አልገባም። ይህ ሊሆን አይችልም። ማማለያው የሞተ መሆን አለበት። ፋብሪካው ነው። ወይም ሙቀት ያገኘው መንገድ ላይ ነው። ነገ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ግንቦት 25

ባዶ ከረጢት አለመጣል የኔ ደንብ ነው። ይሳለቁበታል። ዓብዱልፈታሕም እንኳ እኔን ፈርቶ የብድሬውን በክብሪት ቀፎው አስሮ መልሶልኝ ነበር። ለፋብሪካው የምጽፈው ደብዳቤ ላይ የምርት ቁጥሩን ልጨምር ብዬ ዙሀይራን ሁለቱንም ከመጋዘን አምጪልኝ አልኳት።

ቁጥሩ የሚገኘው ከማርከሩ ሥር ነው። ጥጥ አልኮል ነክራ «ሲናና» ያልኩትን ፊደል ጠረገችው። ቀለሙ ለቀቀ። አጎንብሳ አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን ጠረገች፣ አነበበች። መልሳ የመጀመሪያውን አነሣች።

«ቁጥሩን በይኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ሲናና ያሉት የመጤው ነው። ብድሬ ያሉት የተምቹ ነው።»

ተቀብያት አየሁ። ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። አራቅሁት፣ አቀረብኩት። የብር ቀለም፣ ላዩ ላይ አቧራ የመሰለ ነገር። ፊደል መሆኑን ስለማውቅ ፊደል ነው አልኩ።

ፋብሪካው እንዴት እንዲህ ባለ… ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። ዙሀይራ መሬት መሬት ታያለች።

ማታ። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሲናና ላይ ተምችን የሚጠብቅ ወጥመድ አልነበረም። ተምችን የሚይዘው ወጥመድ ብድሬ ነበር፣ ሥራውንም በትክክል ሠርቷል። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ተምች መጣ፣ ተምች መጣ እያለ በክብሪት ቀፎ ይልክልን ነበር። ዙሀይራ ነገረችኝ። እኔ ከሥሩ መጤ ተምች ብዬ ጽፌ ስሜን አኖርኩበት።

ሎሬዪዎቹን ግን በትክክል ለይቻለሁ። ይህን ጻፍኩና ሰረዝኩት። መልሼ ጻፍኩት። እውነት ነውና።

ግንቦት 29፣ አረፋ

ለዲኖ ከመሥሪያ ቤት ሰው ከመስማቱ በፊት ራሴ ልነግረው ሄድኩ። በዓል መሆኑን ያስታወሰችኝ ማሚቱ ናት። «በባዶ እጅህ?» ብላ ስኳር አስያዘችኝ።

ቤቱ ሰው ሞልቷል። ሳልናገር አስቀመጡኝ፣ ሥጋ አቀረቡ። አሁን አልበላም ስል «እምቢ ካልክ እኮ ጎረቤት ምን ይላል፣ በገብሱ ተኮራረፉ ነው የሚሉን» አለና ቤቱን አሳቀው። በላሁ። ሲሸኘኝ ቀፎዎቹ አጠገብ ስንደርስ ነገርኩት። ማማለያዎቹ መለዋወጣቸውን፣ የለዋወጥኳቸው እኔ መሆኔን። ፊደሉ ትንሽ ነበር አልኩ። መሽቶ ነበር አልኩ።

እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አሸተትከው» አለ።

«ምኑን?»

«ከረጢቱን። ያን ዕለት። አራቅኸው፣ አቀረብከው፣ ወደ ሰማይ ያዝከው፣ ከዚያ አሸተትከው። ይኼ ሰውዬ አላየውም ብዬ ነበር በልቤ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሙህዲን ላንብብልህ ሲልህ እዚያው ነበርኩ እኮ። ምን ምን እንዳልከው ሰምቻለሁ። ሁለት ልጅ ያሳደገ ሰው ነው።» ቀፎው ላይ የወጣችውን ንብ በጣቱ መለስ አደረጋት። «ቢሮህም መጥቼ ልነግርህ ነበር፤ በር ላይ ተመልሼ ጠየቅሁህ። ምን ሆኜ አልከኝ። ኃይሌ፣ ለአንተ ማን ይነግርሃል?»

ለመቆጣት ሞከርኩ። የምቆጣበት ነገር ፈለግሁ።

«ዘሩስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ዲንሾ ያለችው እህቴ ዙቤዳ ከአሩሶው ትንሽ አላት። ለቦና ያህል ትሰጠኛለች፤ ማሳውን አይሞላም። የቀረውን እንግዲህ እንደ ሰዉ ስንዴ እዘራለሁ።» ስንዴ ሲል ፊቱን ወደ ቀፎዎቹ አዞረ።

ስወጣ አንድ ጣሳ ማር ሰጠኝ። አልቀበልም አልኩ። «አትርጭ ስላልከኝ እኮ ነው የተገኘው» አለ። እየቀለደ ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

ሰኔ 2

ጎባ። የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ሁለቱም ዓይን ሞራ አለበት፤ የቀኙ ይብሳል። ነገ የቀኙ ሞራ ይወጣል።

«ከጀመርዎ ምን ያህል ይሆናል?» አለ ወጣቱ ሐኪም።

«ዘንድሮ ነው» አልኩ።

«ሦስት ዓመቱ ነው» አለች ማሚቱ።

ሐኪሙ የሷን ጻፈ።

ከመሄዴ በፊት ለከማለዲን ሪፖርት ሰጥቼዋለሁ። ሁለት አንቀጽ ነው። የሲናናና የብድሬ ማማለያዎች ተለዋውጠው ነበር፤ የለዋወጥኩት እኔ ነኝ፤ የብድሬውን ናሙናም በስህተት የለየሁት እኔ ነኝ። አነበበና አንገቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ይህን ባይጽፉትስ? የፋብሪካው ከረጢት ግልጽ አይደለም ብንል ውሸት አይሆንብንም።»

«ፋብሪካው በትክክል ነው የጻፈው። በማርከር የጻፍኩበት እኔ ነኝ።»

«አራት ዓመት ቀርቶዎታል እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት። «በሩ ክፍት ነበር።»

ሰኔ 9

መሸፈኛው ተነሥቷል፤ ጠብታ አለብኝ፤ ማጎንበስ ተከልክያለሁ። በቀኙ ዓይን ስመለከት የቢሮው ግድግዳ ነጭ ነው። ቢጫ ነው ብዬ የማውቀው ግድግዳ። በግራው አሁንም ቢጫ ነው። አንዱን እየጨፈንኩ አንዱን እየከፈትኩ ተቀምጬ ሙህዲን ገብቶ አየኝ። ሰላም አልኩት። ያን ዕለት ስላልኩህ ነገር አልኩና ጨረስኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ረስቼዋለሁ» አለ። አልረሳውም። ቢሆንም ይሁን።

ናሙናዎቹ ሥር ያሉት ወረቀቶች ሁሉ ውሸት ናቸው። ሲናና የሚለው የተምች ማማለያ ይላል፣ ብድሬ የሚለው የመጤ ይላል። ስሜ ያለበት ውሸት በሳጥን ውስጥ አይቀመጥም። እኔ ገና እንዲህ ያለ ደቃቅ ነገር መጻፍ ስለማልችል ዙሀይራ ትጽፋለች፣ እኔ እነግራታለሁ። ከሲናናዎቹ ጀመርን።

«ማማለያ?»

«የመጤው።»

«ሰቃይ?»

«ኃይለልዑል። ሙሉ ስም።»

«የለየው?»

«ኃይለልዑል። ሎሬዪ ነው። ትክክል ነው።»

አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችልኝ። በቀኝ ዓይኔ አየሁት። የኋላ ክንፉ ነጭ ነው፣ ያ ግድግዳው የሚመስለው ዓይነት ነጭ። ቀጥላ ከብድሬዎቹ አንዱን ያዘችልኝ። ክንፉ ተላጭቷል፣ ግማሹ የለም። ጅማቶቹ ግን አሉ። ጠቆር ብለው፣ እንደ ቅጠል። ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም ነበር።

«ማማለያ?» አለች።

«የተምቹ።»

«ሰቃይ ዓብዱልፈታሕ። የለየው?»

«ዙሀይራ።»

ብዕሯን አነሣች። ከወረቀቱ ቀና አላለችም። «ቀኑን ግንቦት 14 ልበል? መጨበጫውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።»

«ሚያዝያ 29 በይ» አልኳት። «የነገርሽኝ ያን ቀን ነው።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

የትኛው እሺ እንደሆነ አልለየሁም።